ሆራ የጠጣው ትራክተር

ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሲወጡ በስተግራ ያለው ሜዳ በሙሉ የአንድ ነጭ የስንዴ እርሻ ነበር። ነጩ ሲኞር ቱሊዮ ይባላል። ሲኞር ቱሊዮ አንድ ትራክተር ነበረው፤ ትራክተሩም አንድ ሰው ነበረው። ሰውየው መሸሻ ነው።

መሸሻ የሞተር ሰው ሆኖ አልተወለደም። የአባቱ ሥራ እርፍ መጨበጥ ነበር፤ የሱም እንደዚያው። ጣሊያን ሲመጣ ግን መሬቱ ለሲኞር ቱሊዮ ተሰጠበት፤ ሁለቱ በሬዎቹ ደግሞ ለወታደር ቀለብ ታረዱበት። መሸሻ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ባዶውን በረት ሲያይ ሰነበተና፣ ተነሥቶ በገዛ መሬቱ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ምን ያድርግ? ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ሰው ላይ ስለደረሰ አንዱ ሌላውን ለማጽናናት እንኳ ጊዜ አልነበረውም።

ከሱ በፊት ትራክተሩን የሚነዳው ቀጄላ የሚባል ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር። ቀጄላ አንድ ቀን ዘይቱን ሳያይ ሞተሩን አስነሥቶ ሲያንጎራጉር ዋለና ኩሽኔታው ቀለጠ። ረሳ ተብሎ ይሰደባል፣ ቢበዛ ይባረራል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ሲኞር ቱሊዮ ግን “ሳቦታጆ” አለ። ሆን ብሎ የጣሊያንን ንብረት ማበላሸት ማለት ነው። በማግስቱ ካራቢኔሮች የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች መጥተው ቀጄላን ይዘውት ሄዱ። ሚስቱ ስንቅ ቋጥራ ከእስር ቤት እስር ቤት ዞረች፤ የት እንዳለ የሚነግራት ግን አላገኘችም።

መሸሻ የተቀመጠው እንግዲህ በዚህ ሰው ወንበር ላይ ነው። ሲኞር ቱሊዮ መንዳቱን ያስተማረው አማርኛም ጣሊያንኛም ባልሆነ ቋንቋ፣ አብዛኛውን በእጅ ምልክትና በስድብ ነበር። ትራክተሩ እንደዛሬዎቹ ቁልፍ ሲያዞሩለት የሚነሣ አይደለም። መጀመሪያ ከፊቱ ያለችውን የብረት ራስ በሚነፋ የላምባ እሳት እስክትግል ማሞቅ ነው። ከዚያ መሪውን ነቅሎ በጎኑ ባለው ከባድ መዘውር ላይ ሰክቶ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። ሲፈልግ ይነሣል፤ ሳይፈልግ ይተኛል። ሲብስበት ደግሞ ሞተሩ በተቃራኒ ይዞርና ወደፊት ሂድ ሲሉት ወደ ኋላ ይሄዳል። መሸሻ ይህን ጠባይ ሲያይ እንደመፍራትም እንደመሳቅም አለው። ከታረዱት በሬዎቹ አንዱ ልክ እንዲህ ያለ ግትር ነበርና፣ ትራክተሩን በዚያ በሬ ስም ዳለቻ ብሎ ጠራው።

ፍርሃት ነው እንግዲህ ጎበዝ ሠራተኛ ያደረገው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የዘይቱን ልክ ያያል። ናፍታውን በጨርቅ ያጠላል። የላላ ብሎን እየፈለገ ያጠብቃል፤ በየመገጣጠሚያው ግሪስ ይሞላል። ሥራ ሲያበቃ ከማረሻው ላይ ጭቃውን ፍቆ፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ምን ጊዜ ፍቅር እንደሆነ እሱም አላወቀም። ሚስቱ ዋጋነሽ ግን አውቃለች፤ ምክንያቱም የክት ነጠላዋ የናፍታ ማጥለያ ሆኖ አገኘችው።

“ለኔ እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?” አለችው፣ ጫፉ የጠቆረውን ነጠላ ዓይኑ ሥር እየዘረጋች።

“አንቺ ብትቆሚ ካራቢኔሮች አይመጡብኝም።”

“እኔ የቆምኩ ቀን ማን እንደሚመጣብህ ታየዋለህ” ብላ ነጠላውን ወረወረችለት። ያንን ነጠላ መልሳ አልለበሰችውም። እሱም መልሶ ሌላ አልገዛላትም።

በአንድ የበልግ ወር ሲኞር ቱሊዮ ሚስቱን ሊያመጣ ወደ አስመራ ሄደ። ከመሄዱ በፊት መሸሻን ይዞት ሜዳውን ዞረና እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ሁሉ ከሰኔ በፊት ታርሶ እንዲቆየው አዘዘ። ከዚያ ትራክተሩን በጣቱ አመለከተ፤ ሁለቱን እጆቹን እንደታሰረ ሰው አጣምሮ አሳየው። ቃሉን መድገም አላስፈለገውም።

ዳለቻም ጊዜ ጠብቆ እንደሚያምፅ ከብት፣ ጌታው በሄደ በጥቂት ቀን መስነፍ ጀመረ። አቀበት ሲወጣ ያቃስታል። ጥቁር ጭስ ይተፋል። በልግ ቢሆንም ዝናቡ ቀርቶ ስለነበር አቧራው ሰው ከሰው አያሳይም። መሸሻ ዘይቱን አየ፤ ልክ ነው። ናፍታውን አየ፤ ንጹሕ ነው። እራቱን እየበላ ሐሳቡ ትራክተሩ ዘንድ ነው፤ ዋጋነሽ የምታወራውን ሁሉ በ“እሺ” እየመለሰ ቆይቶ፣ እናቷ መጥተው ከነሱ ጋር እንዲኖሩ እሺ ማለቱን ያወቀው አሮጊቷ ከነጓዛቸው ደጃፍ ሲደርሱ ነው።

ከትራክተሩ ኋላ እየሄዱ ማረሻውን የሚያነሡና የሚጥሉ አባ ገሜዳ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ናቸው፤ እሳቸውም ከብቶቻቸውን ጣሊያን ጨርሶባቸዋል። አንድ ቀን ዳለቻ መሀል መንገድ ሲያጣጥር ቆመው አዩትና መሸሻን ጠየቁት።

“ይኼ ከብት ሆራ ካየ ስንት ጊዜው ነው?”

ሆራ ጨው ጨው የሚል የምንጭ ውሃ ነው። በዚያ አገር የደከመ ከብት ሆራ ወርዶ ሲጠጣ ፀጉሩ ያበራል፣ ጉልበቱም ይመለሳል።

“አባ ገሜዳ፣ ብረት እኮ ነው” አላቸው መሸሻ።

“ውሃ ይጠጣል አይጠጣም?”

“ይጠጣል።”

“ይሰንፋል አይሰንፍም?”

“እያዩት።”

“ታዲያ ምኑ ላይ ነው ብረትነቱ?”

መሸሻ ባዶውን ባልዲ አየ። ራዲያተሩ እንደሆነ በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ ባልዲ ሙሉ ይጨርሳል። ወንዙ ደግሞ በድርቁ ምክንያት ወደ ጭቃነት እየተለወጠ ነው። ጭቃ ከሚጠጣ ሆራ ቢጠጣ ምን ይጎዳል?

በወሩ መድኃኔ ዓለም አፈር የሚነካ ሰው ስለሌለ ሥራ ቆመ። አባ ገሜዳ አህያ ጭነው ከወንዙ ማዶ ሆራውን በበርሜል አመጡ። እሳቸው እስኪመለሱ መሸሻ እጁን አጣምሮ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ማረስ እንጂ መጥረግ ኃጢአት አይሆንም ብሎ የአየር ማጣሪያውን ፈታ። ውስጡ አቧራው በጆንያ እንዳለ ጤፍ ተጠቅጥቆ ተገኘ። በናፍታ አጠበው፣ አራገፈው፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ሆራው መጣና ዳለቻ እስኪበቃው ጠጣ።

በማግስቱ ዳለቻ አቀበቱን እየዘለለ ወጣ። ጭሱ ጠፋ፤ ድምፁ እስከ ኮልፌ ገበያ ተሰማ። ማጣሪያው ይሁን ሆራው ማን ይለያል? መሸሻ ያመሰገነው ሆራውን ነው። ማጣሪያውን የጠረገው ራሱ ነው፤ ሰው ደግሞ ከገዛ እጁ ተአምር አይጠብቅም። አባ ገሜዳማ ለሳምንት አንገታቸው አልታጠፈም፤ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም “እኔ ነኝ ያዳንኩት” ይሉ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዳለቻ ከሆራ በቀር ሌላ ውሃ አልቀመሰም። አህያዋ በየቀኑ ትመላለሳለች። የሰፈሩ ሰው በመጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ግን ትራክተሩ ሲያልፍ “ወፈረ፣ አማረበት” እያለ ማየት ጀመረ። አንድ ሁለት ሰዎች ግልገላቸውን ይዘው መጥተው ከዳለቻ በርሜል ይተርፍ እንደሆነ ጠየቁ።

እርሻው ሊጠናቀቅ ወንዙ ዳር ያለች ቁራጭ መሬት ብቻ ስትቀር ነው ዳለቻ ትኩሳት የያዘው። ጠዋት ተነሥቶ ገና አንድ ትልም ሳይጨርስ ይፈላል፤ በክዳኑ በኩል እንፋሎት እየተፋ ያፏጫል። መሸሻ አቁሞ አስቀዘቀዘው። እንደገና ሞከረው፤ እንደገና ፈላ። በመጨረሻ ውሃውን ለማፍሰስ ከሥር ያለውን ቧንቧ ከፈተ፤ የወረደ ነገር የለም። ሽቦ አስገብቶ ሲቆረቁር ነጭ ነገር ከመሬት ዱብ አለ። አነሣው። ድንጋይ ነው። ወደ አፉ አደረሰና ቀመሰው። ጨው ጨው አለው።

ያን ጊዜ ገባው። ሆራው እየፈላ ተንኖ ጨውና ኖራውን ራዲያተሩ ውስጥ ሲያስቀምጥ ከርሟል። የዳለቻ ሆድ በድንጋይ ተዘግቷል። ዘይት እያየ፣ ብሎን እያጠበቀ፣ የሚስቱን ነጠላ እያበላሸ የጠበቀውን ሞተር በገዛ እጁ፣ በባልዲ፣ በየቀኑ ሲያንቀው ኖሯል። ቀጄላ ቢያንስ የረሳው አንድ ቀን ነው።

አባ ገሜዳ ድንጋዩን ተቀብለው አገላበጡት። ከብት ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ቆይተው ደግሞ፣ ያ ነጭ ሰው ሆራውን ማን አመጣው ብሎ የጠየቀ እንደሆነ አህያዋ የጎረቤት መሆኗን አስታወሱት።

የባሰው ወሬ በዚያው ዕለት መጣ። የእርሻው ዘበኛ፣ ሲኞር ቱሊዮ አዲስ አበባ መግባቱንና ሚስቱን ቤት አስገብቶ ወደ እርሻው እንደሚወጣ ሰምቶ ነገራቸው። መሸሻ ትራክተሩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽሽ ቢሉት የት ይሸሻል? ዳለቻን ጥሎ መሄዱ ራሱ ጥፋቱን ማመን ነው።

ምሳውን ይዛ የመጣችው ዋጋነሽ ያገኘችው እንዲህ ተቀምጦ ነው። ማን ሞተ ብላ ልትጠይቅ ስትል ነጩን ድንጋይ መዳፉ ላይ አየችው።

“ይኼማ የድስት ቅርፊት ነው” አለች። “እናቴ ለወገቧ ሆራ እያፈላች ድስቴን ሁሉ እንዲህ አድርጋዋለች። በሆመጠጠ ጠላ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ፤ እንደ በሶ ሟሙቶ ይወጣል።”

መሸሻ ቀና ብሎ አያት። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ትኩር ብሎ አላያትም ነበር።

ዋጋነሽ ጠላ ጠምቃ ትሸጣለች። በዚያ ሰሞን ደግሞ አንድ ጋን ሙሉ ሆምጥጦባት፣ መድፋቱ አሳዝኗት፣ ማስቀመጡም ቤቱን አሽትቶባት ከራሷ ጋር ስትጣላ ሰንብታለች። ጠላው በእንስራ ተጭኖ መጣ። መሸሻ ክዳኑን ከፍቶ ሲያንቆረቁርበት ዳለቻ ከሆዱ ውስጥ ተንሾካሾከ፤ ከዚያ ጮክ ብሎ አጉረመረመ። አረፋው በአፉ ገንፍሎ በግንባሩ ወረደ።

“ቀመሰው” አሉ አባ ገሜዳ።

ዋጋነሽ ድስቷን አንድ ሌሊት ታሳድረው ነበር፤ መሸሻ ግን ሌሊት የለውም። ሙቀት ያፋጥነው ይሆናል ብሎ ሞተሩን አስነሣው። ዳለቻ ሲሞቅ የጠላው ሽታ ሜዳውን ሞላው። አረፋው እየፈላ በክዳኑ ተስፈንጥሮ መሸሻን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አለበሰው። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች የት ቤት ድግስ እንዳለ ለመጠየቅ መለስ አሉ። ከሥር ባለው ቧንቧ ቡናማ ጉሽ ከነጭ ፍርፋሪ ጋር ኩልል ማለት የጀመረው፣ ሲኞር ቱሊዮም ከመኪናው የወረደው አንድ ላይ ነው።

ሲኞር ቱሊዮ መጀመሪያ አሸተተ። ትራክተሩን ዞረ። ጣቱን አረፋው ውስጥ ነክሮ አሸተተና መሸሻን በአንገቱ ይዞ እሱንም አሸተተው። ከዚያ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አባ ገሜዳ ወደ ሰማይ አዩ። ዋጋነሽ እንስራዋን ከኋላዋ ደበቀች፤ እንስራ ደግሞ ከሰው ኋላ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

መሸሻ በዚያች ቅጽበት ሁለት መንገድ ብቻ ታየው። ሆራ አጠጣሁት ቢል ነገሩ ሳቦታጆ ነው፤ ካራቢኔሮች ናቸው። ሌላው መንገድ ሽታው ራሱ ያቀረበለት ነው። በዕድሜው ጠላ ቀምሶ አያውቅም፤ ሽታው ብቻ ቃር ይለቅበታል። ቢሆንም ሰውነቱን ላላ፣ ምላሱን ከበድ አደረገና በጥንቃቄ ተወዛወዘ።

“ጠጣሁ ጌታዬ” አለ። “ብቻዬን መጠጣት ነውር ሆኖብኝ ለሱም ሰጠሁት።”

ሲኞር ቱሊዮ ይህን ነገር ለመረዳት ጊዜ ፈጀበት። ሲገባው መጀመሪያ በጥፊ መታው። ቀጥሎ ትራክተሩን፣ ግንባሩ ላይ ያለውን አረፋ፣ እየተወዛወዘ የቆመውን ሹፌሩን አየና መሳቅ ጀመረ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና በጥፊ መታውና ቅጣቱን ተናገረ። የራዲያተሩ ሽታ እስኪጠፋ፣ የሚወርደው ውሃ እንደ ጠበል እስኪጠራ ድረስ እያጠበ ይውላል፤ እስከ ክረምቱም ከወንበሩ ወርዶ ከኋላ ማረሻ ያነሣል።

መሸሻ እንዲህ ያለ ቅጣት ለምኖም አያገኝም ነበር። ንጹሕ ውሃ ከሩቅ እያስቀዳ፣ እየሞላና እያፈሰሰ፣ የመጨረሻዋ የድንጋይ ፍርፋሪ እስክትወርድ አጠበው። ዳለቻ ዳነ።

ስሙ ግን አልዳነም። ሰካራሙ መሸሻ የሚለው ወሬ ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ ተዳረሰ። ሌላ ሰካራም ብቻውን ይጠጣል፤ ይኼኛው ብረት ያሰክራል ተባለ። ለዋጋነሽ ሴቶቹ አዘኑላት፤ ወንዶቹ ግን ትራክተር ያሰከረውን ጠላ ሊቀምሱ ቤቷን ሞሉት። ሐዘኑንም ገበያውንም ዝም ብላ ተቀበለች። መሸሻ እውነቱን ለማንም መናገር አልቻለም፤ ሲኞር ቱሊዮ ያለበት አገር ጆሮ አለው። እንዲሁ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው አፉን ሊያሸት ሲጠጋው እየራቀ ኖረ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣሊያን ተሸንፎ ወጣ። ሲኞር ቱሊዮም ከነሚስቱ ሄደ። ዳለቻ ሜዳው ላይ ቀረ። እርሻውን እንዲጠብቅ የተሾመው መኳንንት የሚባል፣ ዱር ሲዋጋ የኖረ አርበኛ ነበር። መኳንንት ሹመቱን በያዘ ሰሞን የአካባቢውን ሰው በዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ ማን ምን እንደሠራ ሊሰማ ተቀመጠ። ሰዉም ተናገረ። አንዱ የጠላትን መኪና ጎማ በምስማር መውጋቱን፣ ሌላው ወይን በርሜል ውስጥ ሽንቱን መሽናቱን አወራ። ያን ጊዜ ጠላትን ያልጎዳ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቸገረ።

ዋጋነሽ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። “ተነሥና ተናገር። የጠላትን ትራክተር በሆራ ያነቅኸው አንተ አይደለህ? ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነው።”

“ሆን ብዬ አይደለማ።”

“ይኼ ሁሉ ሰው ሆን ብሎ ይመስልሃል? ተነሥ፤ ሰካራም ከመባል ትገላገላለህ። እኔም እገላገላለሁ።”

መሸሻ ሊነሣ ፈለገ። ስሙ እንደ ጭቃ ተለጥፎበት መኖሩ ሰልችቶታል። ጉልበቱን እንዳጠፈ ግን መኳንንት ወደ ሜዳው እየጠቆመ፣ ያንን ብረት የሚያስነሣ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ያለሱ ዘንድሮ እርሻ የለም አለ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ መሸሻን አየው። አንዱ ከኋላ፣ አለ፣ ግን ሰካራም ነው አለ።

“እውነት ነው?” አለ መኳንንት።

ዋጋነሽ አፏን ልትከፍት ስትል መሸሻ እጇን ያዛት። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

“ሰካራም ምሎ ይተዋል። ሞተር የሚገድል ሰው ግን ሞተር ማን ይሰጠዋል?” አላትና ተነሥቶ ቆመ። “እውነት ነው ጌታው” አለ።

መኳንንት ሰውየው መዋሸት ባለማወቁ ደስ አለው። ወንበሩን ሊሰጠው ፈቀደ፤ ነገር ግን ቀራንዮ ሄዶ በቄስ ፊት ይማል አለ። በማግስቱ መሸሻና ዋጋነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቄስ ወልደሰንበት ፊት ቆሙ። ከዛሬ ጀምሮ ጠላ የሚባል በአፌ አይዞርም ብሎ ማለ። መሐላው አልከበደውም።

ቄሱ መስቀሉን ካሳለሙት በኋላ ግን በአዘኔታ አዩትና ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው ጠየቁት። መሸሻ ይህን አላሰበበትም። መስቀል ፊት ቆሞ መዋሸት ደግሞ አልሆነለትም። ወደ ዋጋነሽ ዞረ።

“እኔን ካገባ ወዲህ ነው አባ” አለች ዋጋነሽ።

ቄስ ወልደሰንበት እሷን ከእግር እስከ ራስ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ መሸሻን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉትና፣ ሁሉ ነገር እንደገባው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።